ሰራፕታ ዘሲዶና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

በደቡብ ሊባኖስ የምትሠራ አንዲት እኅት ጥያቄ ልካልናለች። የምትሠራበትን ከተማ ሰዎቹ ሰራፈንድ ይሉታል፤ ባሕር ዳር ነው፤ ጠዋት ጠዋት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ሲመለስ ታያለች። ይህ ቦታ ነቢዩ ኤልያስ የተላከባት ሰራፕታ ነው ወይስ ስሙ ብቻ ተመሳስሎ ነው? ብላ ጠይቃለች። አዎን ልጄ፣ ያችው ናት። ጥያቄሽ አጭር ቢሆንም መልሱን ላሳጥረው አልፈለግሁም። ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስ በተጻፈበት ምድር ላይ ስትኖሩ የምታውቁት በረንዳውንና ደረጃውን ብቻ ሆኖ ይቀራልና፣ ዛሬ ስለዚህች ትንሽ ከተማና ስለ አካባቢዋ እንነጋገር።

በመጀመሪያ መንገዱን እንያዝ። ከቤይሩት ወደ ደቡብ የሚወርደው የባሕር ዳር መንገድ ባሕሩን በስተቀኝ፣ ተራራውን በስተግራ አድርጎ ይሄዳል። አውሮፕላን ማረፊያውን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ናዕሜ የምትባል ስፍራ አለች። ከእርሷ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ላይ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ በውስጡ የነበሩት 90 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ወደ እናታቸው ቤት ሲመለሱ የነበሩ እኅቶቻችንም ነበሩበት። በዚያ ስታልፉ "ነፍስ ይማር" በሉ። ቀጥሎ ዳሙር፣ ከዳሙር ቀጥሎ ጂየህ ይመጣል። ጂየህን አስታውሱልኝ፤ ዮናስን ዓሣ አንበሪው የተፋው በዚህ ነው የሚል የቆየ ትውፊት ያለበት ቦታ ነውና ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ የአወሊን ወንዝ ተሻግረን ከቤይሩት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስንርቅ ሲዶና እንገባለን፤ የዛሬው ስሟ ሳይዳ ነው። ከሲዶና ወደ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ፣ የዘህራኒን የመብራት ኃይል ጭስ ማውጫዎች ካለፋችሁ በኋላ ሰራፈንድ ናት። መንገዱ ከዚያም አድሉንንና የሊጣኒን ወንዝ አልፎ ወደ ጢሮስ፣ ማለት ወደ ሱር ይወርዳል።

እንግዲህ ሰራፕታ በሁለቱ ታላላቅ ከተሞች በጢሮስና በሲዶና መካከል ያለች ትንሽ ናት። በወንጌል ጌታችን ወደ ጢሮስና ወደ ሲዶና አገር ፈቀቅ ማለቱን፣ ከነናዊቱም ሴት ስለ ልጇ የጮኸችው በዚያ መሆኑን ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ በዚህ ባሕር ዳር የተፈጸመ ነው።

ምድሩ ጠባብ ነው። ባሕሩን ይዞ እንደ መቀነት የተዘረጋ ሜዳ አለ፤ በላዩ ብርቱካንና ሙዝ ይተከልበታል፤ ከሊጣኒ ወንዝ የሚመጣ የመስኖ ውኃ ያጠጣዋል። ከሜዳው በላይ የጀበል ዓሚል ኮረብታዎች ይጀምራሉ፤ እዚያ ወይራና ትምባሆ አለ። ዛሬ ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ የሺዓ እስላሞች ናቸው። ከዓሣው ሌላ ሰራፈንድ በብርጭቆ ሥራም ትታወቃለች፤ አሮጌ ጠርሙስ አቅልጠው፣ በቧንቧ እየነፉ ማሰሮና ኩባያ ይሠራሉ። የከተማይቱ ስም ራሱ በጥንቱ የከነዓን ቋንቋ ከማቅለጥና ከማንጠር የወጣ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ሥራው ስሙን ተከትሎ ቆየ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል።

ዓሣ አጥማጆቹ የሚወጡት በትናንሽ ጀልባ ነው። መርከብ የላቸውም። ማታ መረባቸውን ጥለው፣ ሳይነጋ ያነሡታል፤ በጠዋት ለገበያ ይቀርባል። ዓሣውን ግን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ቅርፊቱን የምትፍቁት፣ ሆድ ዕቃውን የምታወጡት እናንተ ናችሁና። ቀላ ያለውን ሱልጣን ኢብራሂም የሚሉትን፣ ከጣት የማይበልጠውንና ሳይከፈት በዱቄት ተለውሶ የሚጠበሰውን ብዝሪ፣ ከተጠበሰ ሽንኩርት ጋር በሩዝ የሚሠራውን ሳያዲየ ከእኔ አትማሩም። ነገር ግን አንድ የማታውቁት ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ባሕር ከሚወጣው ዓሣ ጥቂት የማይባለው የዚያ ባሕር ተወላጅ አይደለም። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ ወዲህ የቀይ ባሕር ዓሣ፣ ያ በምጽዋና በአሰብ በኩል የምናውቀው ባሕር ዓሣ፣ በቦዩ እየሾለከ ወደ ሜዲትራኒያን ገብቶ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ኢቃማ የጠየቀው የለም።

ከእነዚህ መጤዎች መካከል ግን የሚገድል አለ፤ ኩሽና ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። በጎኑ እንደ ብር የሚያበራ መስመር፣ በጀርባው ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ ፊት ለፊት ሁለት ከላይ ሁለት ከታች ጠንካራ ጥርስ ያለው ዓሣ ነው። ሲይዙት ሆዱን እንደ ፊኛ ይነፋል። በሜዲትራኒያን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2003 በቱርክ ባሕር ዳር ሲሆን ዛሬ በሊባኖስ ሞልቷል። መርዙ በመቀቀልም፣ በመጥበስም፣ በማቀዝቀዣ በማሳደርም አይጠፋም። ማንም ርካሽ ነው ብሎ ቢያመጣው፣ ወይም ለእናንተ ብቻ ተብሎ ቢሰጣችሁ፣ አትብሉት፤ ለሕፃናቱም አታብስሉ። ዓሣ በልቶ ከንፈርና ምላስ መደንዘዝ ከጀመረ እስኪያልፍ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ሌላው ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ አፉ ትንሽ የሆነው ዓሣ ነው። እርሱ ይበላል፤ ነገር ግን በጀርባውና በሆዱ ያለው እሾህ መርዝ አለው። ቀይና ነጭ ሽንትርትር ያለው፣ ክንፉ ረጃጅም የሆነውም እንዲሁ ነው። እሾሁን አስቀድማችሁ በመቀስ ቁረጡ። ከወጋችሁ እጃችሁን ሳያቃጥል በምትችሉት መጠን በሞቀ ውኃ ውስጥ አቆዩት፤ ሥቃዩን ያበርደዋል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህ ሁሉ ቆሞ ነበር። መስከረም 13 ቀን በደቡብ ሊባኖስ ላይ የአየር ድብደባው በበረታ ጊዜ ሕዝቡ በዚያው በባሕር ዳሩ መንገድ ወደ ሰሜን ጎረፈ፤ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ቀን ሙሉ ፈጀ። መኪናው ሲሞላ ወደ ኋላ የቀሩት እነማን እንደ ነበሩ እናንተ ታውቃላችሁ። ቤት ጠብቂ ተብላ በር የተቆለፈባት ነበረች፤ ቤይሩት ድረስ መጥታ መንገድ ላይ ውረጂ የተባለችም ነበረች። መልካም አሠሪ ያላት ደግሞ ከልጆቹ ጋር አብራ ተሰድዳለች፤ ይህንም መካድ አይገባም። በመስከረም 27 ቀን የእስራኤል ጦር ከአወሊ ወንዝ ወደ ደቡብ ባለው ባሕር ማንም በጀልባ እንዳይወጣ አስጠነቀቀ። ሰራፈንድ ከአወሊ በስተደቡብ ናት፤ በዚያው ጥቅምት ወርም ከተማይቱ ራሷ ተመትታ ሰዎች ሞተውባታል። ኅዳር 18 ቀን የተኩስ አቁም ስምምነት እስኪሆን ድረስ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስረው ባሕሩን ሲያዩ ሰነበቱ። ከዚያም በኋላ ደቡቡ ፈጽሞ ጸጥ አላለም።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ አይደለም። ታሪኩን ስናነብ ብዙዎቻችን አንድ ነገር ሳንጠይቅ እናልፋለን። ሰራፕታ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ባሕሩ ዓሣ አለው። ታዲያ ያች መበለት የባሕር ዳር ሰው ሆና ስለ ምን በረኃብ ልትሞት ደረሰች? ለምን ቢሉ፣ ባሕር ለሁሉ አይከፈትም። ጀልባ ይፈልጋል፤ መረብ ይፈልጋል፤ ሌሊት የሚወጣ ጎልማሳ ይፈልጋል። እርሷ ባል የሞተባት፣ ልጇም ሕፃን ነው።

አንድም፣ ያ ጠባብ ሜዳ ስንዴ የሚበቃው አገር አይደለም። የጢሮስና የሲዶና ሰዎች እንጨት ቆራጮች፣ መርከበኞችና ነጋዴዎች ነበሩ እንጂ አራሾች አልነበሩም። እህላቸው የሚመጣው ከተራራው ማዶ ከእስራኤል ምድር ነው። ሰሎሞን ለጢሮሱ ንጉሥ ለኪራም ስለ ዝግባው እንጨት በየዓመቱ ስንዴና ዘይት ይሰፍርለት ነበር። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ስለ ጢሮስ ንግድ ሲናገር ይሁዳና እስራኤል ስንዴና ዘይት እንደሚያቀርቡላት ይጠቅሳል። በሐዋርያት ዘመን እንኳ የጢሮስና የሲዶና ሰዎች ከሄሮድስ ጋር ለመታረቅ የመጡት አገራቸው ከእርሱ አገር ምግብ ያገኝ ስለ ነበር መሆኑን በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 12 ታገኙታላችሁ። ልብ በሉ፦ ስንዴና ዘይት። በመበለቲቱም ቤት የቀረው እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነው። በእስራኤል ዝናም ሲቀር በሰራፕታ ማድጋ ይጎድላል። በአክዓብ ኃጢአት የመጣው ድርቅ ድንበር ተሻግሮ አክዓብን የማታውቅ ሴት ቤት ገባ። ስለ ድርቁ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭም ምስክር አለ፤ አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ፣ በጢሮስ ንጉሥ በኤትበኣል ዘመን ዓመት ሙሉ ዝናም እንዳልነበረ ሜናንድሮስ የተባለ ሰው መጻፉን ይጠቅሳል።

የዝናሙ ነገር ደግሞ በዚያ አገር ከእኛ ይለያል። እኛ አገር ክረምቱ ሰኔ ገብቶ መስከረም ይወጣል። በእነርሱ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ጠብታ የለም፤ ዝናሙ የሚመጣው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ከባሕሩ በኩል፣ ከምዕራብ ነው። ኤልያስ በመጨረሻ በቀርሜሎስ ሲጸልይ የሰው እጅ የምታህል ደመና ከባሕር መውጣቷ ስለዚህ ነው። ያገሬው ሰው ሁሉ ዝናምን የሚጠብቀው ወደ ባሕር እያየ ነው።

ስለ ማድጋው ካነሣን፣ ጥንታዊቱ ሰራፕታ የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ነበረች። ከዛሬው የዓሣ ወደብ አጠገብ ራስ አል ቀንጠራ በሚባል ወደ ባሕር ገባ ባለ ጉብታ ላይ፣ ጄምስ ፕሪቻርድ የተባሉ የፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ቆፍረው ነበር፤ በ1975 የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በቁፋሮው ሸክላ የሚተኮስባቸው በርካታ ምድጃዎች ተገኝተዋል። የነገሥታት ልብስ የሚነከርበት፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣው ሐምራዊ ቀለም ያለበት የሸክላ ስባሪም ተገኝቷል፤ ጣኒት አስታርት ለምትባል ጣዖት የተጻፈ የዝሆን ጥርስ ጽሑፍም እንዲሁ። እንግዲህ መበለቲቱ የምትኖረው ማድጋ በሞላበት ከተማ ነው። ማድጋ ርካሽ ነው፤ የሚሞላው ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። በዚህ ታሪክ እየተጠቀሙ ደመወዛችሁን የሚወስዱ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። በስልክ ይደውላሉ፤ አንዳንዱ ራሱን ባሕታዊ ይላል፣ አንዳንዱ ነቢይ። ሰራፕታዊቱ ከመጨረሻው እፍኝ አስቀድማ ለነቢዩ ጋገረች፣ አንቺም አስቀድመሽ ለእኔ ላኪ፣ በረከት ይመጣልሻል ይላሉ። ሦስት ወር ሳይከፈላት ቆይታ አንድ ቀን የተከፈላት ልጅ ያንኑ ቀን ሙሉውን ልካለች። እኅቶቼ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው እንጂ። ኤልያስ ራሱ የተራበ መንገደኛ ነበር። አስቀድሞ የለመነው ውኃ ነው፤ ቀጥሎ ቁራሽ። የሰጣትም ተስፋ በእርሷው ማድጋና በእርሷው ማሰሮ ላይ የሚታይ ነበር። እንጎቻውን ተቀብሎ መንገዱን አልሄደም፤ በቤቷ ተቀመጠ፤ እርሷም፣ እርሱም፣ ልጇም ብዙ ቀን ከአንድ ማድጋ በሉ። የሕፃኑ ድርሻ አልተነካም። ልጁ በታመመና በሞተ ጊዜም ነቢዩ የራሱን ነገር ትቶ ሕፃኑን ታቅፎ ጮኸ። የእናንተ ማድጋ ሲጎድል የእርሱ ብቻ የሚሞላ ከሆነ፣ የደወለላችሁ ሰው ኤልያስ አይደለም። ይህን የምለው ስለ ሌሎች ብቻ አይደለም። እኛም ካህናቱ ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ስንለምናችሁ ይህን ታሪክ እያነሣን ካስጨነቅናችሁ፣ መጽሐፉን ገልጣችሁ ጠይቁን።

ስለ ቤተሰብም እንዲሁ ነው። የእናት መድኃኒትና የወንድም ሁለተኛ ባጃጅ አንድ አይደሉም። ሰራፕታዊቱ እንጨት ስትለቅም ያሰበችው ለራሷና ለልጇ ነበር፤ መጽሐፍ በዚህ አልነቀፋትም። ለራሷ ብላ ከደመወዟ ጥቂት የምታስቀር ልጅ ስስታም ተብላ እንዳትሰደብ።

ሌላም የምወደው ነገር አለ። ኤልዛቤል የሲዶናውያን ንጉሥ የኤትበኣል ልጅ ናት። ኤልያስ በኮራት ፈፋ ተሸሽጎ ወንዙ ሲደርቅበት፣ እግዚአብሔር የላከው ወደዚያችው ወደ ኤልዛቤል አባት ግዛት ነው። አክዓብ በየመንግሥታቱ ሲያስፈልገው እርሱ በጠላቱ አገር ዱቄት በሌላት ሴት ቤት ተቀምጧል። በሰው አገር፣ በሰው ቤት። መጽሐፍም ያችን ደኃ ሴት የቤቱ ባለቤት ይላታል፤ በዛሬው አነጋገር ማዳም እርሷ ናት ማለት ነው። ያች ማዳም ለመጻተኛው ሰገነቱን ሰጠችው። ሕፃኑን ይዞ የወጣው ወደ ማደሪያው ወደ ሰገነቱ ነውና፣ የራሱ መኝታ ያለው ክፍል ነበረው። ኩሽና ወለል ላይ ወይም በረንዳ ላይ የምትተኙ ይህን ስታነቡ ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ።

ያ ከሞት የተነሣው ሕፃን ማን ነው? መስከረም 25 ቀን የሚነበበው ስንክሳር ነቢዩ ዮናስ እርሱ ነው ይላል። ጾመ ነነዌን የማታውቅ ከእናንተ መካከል የለችም፤ በባዕድ ቤት ሳይቀር የምትጾሙት ጾም ነው። እንግዲህ ጂየህን አስታውሱልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። ዮናስ ያደገባት ሰራፕታና ዓሣ አንበሪው ተፋው የሚባልበት ጂየህ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ባሕር ዳር፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ርቀት ላይ ናቸው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ ባሕሩ የመለሰው ወደ እናቱ ሰፈር ነው። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ በመጽሐፍ አላገኘሁትም።

በሊባኖስ ያላችሁና የዕረፍት ቀን የሚሰጣችሁ ልታዩት ብትፈልጉ፣ አስቀድማችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን የአገሩን ሰው ጠይቁ። ከቤይሩት ኮላ ከሚባለው መናኸሪያ የሳይዳ ቫን አለ፤ ከሳይዳ ደግሞ ወደ ሱር የሚሄደውን ይዛችሁ ለሾፌሩ ሰራፈንድ በሉት። ብቻችሁን አትሂዱ። በመንገዱ የጦር ሠራዊት ኬላ ስላለ ኢቃማችሁን ያዙ፤ ወረቀቷ ያላለቀ ግን ለዚህ ብላ አትውጣ፤ ድንጋይ ለማየት መታሰር አይገባምና። ብዙ የሚታይ ነገር አትጠብቁ፤ የተቆፈረ ጉብታ፣ የሮማውያን ወደብ ቅሪት፣ ከበታቹም የዛሬዎቹ ጀልባዎች ናቸው። በማለዳ ብትደርሱ ዓሣው ሲወርድ ታገኛላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐዩ ጽኑ ነውና ውኃና ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።